የአንድ ወገን ድምፅ

ጊምሊ፣ ማኒቶባ
ጃንዋሪ 18 ቀን 2004

ውድ ወንድሜ ኤይናር፣

ከየት እንደምጀምር ጨንቆኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ብርዱ፣ ስለ ውሻዬ፣ ስለ እማዬ ጉልበት አውርቼልህ ነበር ወደ ዋናው ነገር የምገባው። አሁን ግን እንዲህ ያለውን ወሬ የምታነብበት ልብ ያለህ አይመስለኝም። እንደምን ሰነበትክ ልበልህና ልለፈው።

ባለፈው ቅዳሜ መስመሩን ከዘጋህ ወዲህ ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም። "ከእንግዲህ በማሽን አላወራሽም፤ መልስሽን በወረቀት ጽፈሽ ላኪ" ብለኸኝ ነበርና ይኸው በወረቀት።

የጠየቅከኝ ሦስት ነገር ነው። ስንት ናቸው? ማን ሰማቸው? የት ነው ያሉት?

ሃያ ሦስት ሲዲ ናቸው። ከኦገስት መጀመሪያ አንስቶ በየቅዳሜው ያወራነው ሁሉ አለበት። የሰማቻቸው እማዬ ብቻ ናት። ያሉትም በአረጋውያን መኖሪያው፣ እሷ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው መሳቢያ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። እኔ ዘንድም አንድ አላስቀረሁም።

ለምን እንዳደረግኩት ብነግርህ ራሴን የማጸድቅ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ግን ማወቅ አለብህ። እማዬ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ የቀራት ጆሮዋ ብቻ ነው። አንተ ከካዛክስታን በስልክ ስትደውልላት ደግሞ ድምፅህ እየተቆራረጠ "ምን አለ? ምን አለ?" እያለች ቆይታ መጨረሻ ላይ ታለቅሳለች። እሷ ያለችበት ቤት ኢንተርኔት የለም። እኔ ግን በየቅዳሜው ጠዋት ወጥ ቤቴ ተቀምጬ አጠገቤ ያለህ ያህል አዋራሃለሁ። ይህን ለብቻዬ መብላቱ ከበደኝ።

መጀመሪያ ማይክሮፎኑን ከድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጬ ሞከርኩ። የተቀዳው የማንቆርቆሪያዬ ፉጨትና የውሻዬ ማንኮራፋት ነበር፤ አንተ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ የምትናገር ትመስላለህ። በኋላ የድምፅ ካርዱን ማስተካከያ ከፍቼ ስበረብር ከምን ይቀዳ የሚል ዝርዝር አገኘሁ። ማይክሮፎን ይላል፣ ሲዲ ይላል፣ ከሁሉም በታች "ስቴሪዮ ሚክስ" የሚል አለ። እሱን ስመርጥ ካርዱ ክፍሉን ትቶ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያሰማውን ይቀዳል። ድምፅህ ጥርት ብሎ መጣ፤ ትንፋሽህ ሳይቀር። የእኔ ድምፅ ግን ጨርሶ የለም። እኔ የምለው በማይክሮፎን ወደ አንተ ይሄዳል እንጂ ከእኔ ኮምፒውተር አይወጣማ። እኔ የተናገርኩበት ቦታ ሁሉ ዝም ያለ ባዶ ነው።

እማዬ ያንን ባዶ ምን እንዳደረገችው ብታይ! ራሷ ትመልስልህ ጀመር። አንተ "ዛሬም ምሳ የበግ ሥጋ ነው" ስትል እሷ "አንተ ደግሞ መቼ የበግ ሥጋ ጠልተህ ታውቃለህ!" ትላለች። ቀጥሎ የአንተ ሳቅ ይመጣል። እኔ ባልኩት ነበር የሳቅከው፤ እሷ ግን በእሷ ነገር የሳቅክ ይመስላታል። ነርሶቹ "ሩና፣ ልጅሽ መጣ እንዴ?" ሲሏት "ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል" ትላቸዋለች።

ልነግርህ ይገባ ነበር። በሚመጣው ቅዳሜ እነግረዋለሁ፣ በሚመጣው እያልኩ ሄድኩ። ካወቅክ ጉሮሮህን ጠርገህ እንደ ሰባኪ ማውራት ትጀምራለህ ብዬ ፈራሁ። ይህ የመጀመሪያው በደሌ ነው።

ሁለተኛው የኖቬምበር 29ኙ ነው። የዚያን ቀን ስለ ወንድማችን ባልዲ የነገርከኝን ከቅጂው ቆርጬ አውጥቼ ነበር። የተቆረጠውና ሙሉው ሁለቱ ሲዲ ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ፤ ተቀያየሩብኝ። ዲሴምበር 6 ለእማዬ ያሰማኋት ሙሉውን ሆነ። ለአንተ ሳልነግርህ አምስት ሳምንት መቆየቴ ደግሞ ሌላ ነው። የገና ሰሞን ነው አልኩ፤ ከዚያ አዲስ ዓመት ነው አልኩ። ቀን መቁጠሪያ ሰበብ አያጣም።

ይቅር በለኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ምግቧን ትበላለች።

እህትህ ስቴይና


ካምፕ፣ ካዛክስታን
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004

ስቴይና፣

ደብዳቤሽ ሃያ ቀን ፈጅቶ ትናንት ደረሰኝ። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በአራቱም ጊዜ አንድ ነገር ታዘብኩ። "ስለ ወንድማችን ባልዲ የነገርከኝ" ብለሽ አለፍሽው እንጂ ነገሩን በስሙ አልጠራሽውም። እኔም ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው ያደረግኩት። ስለዚህ አሁን በገዛ እጄ ልጻፈው፤ ይህን ማንም ተደብቆ አልቀዳብኝም።

ማርች 1974 ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ወንድማችን ባልዲ ሃያ። አባባ የሩቁን መረብ እንዳወጣ ጠዋት ላከኝ። በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ አዲስ ስንጥቅ ተፈጥሮ ስለነበር የአባባ ሠራተኛ፣ ዩክሬናዊው አቶ ዋሲል፣ ገና ሳይነጋጋ ሄደው በስንጥቁ ግራና ቀኝ የጥድ ቅርንጫፍ ተክለዋል። ቅርንጫፍ ያየ ሁሉ እዚያ በረዶው ሰው እንደማይሸከም ያውቃል። ነፋሱ ከሰሜን ነበር። ጓንቴ ረጥቦ እንደ እንጨት ደረቀ። ጣቶቼ አልሰማ አሉኝ። ያኔ መረቡን ለማውጣት በረዶው ላይ ወደቆፈርኩት ጉድጓድ የሚቀርቡትን ሰባት ቅርንጫፎች ነቅዬ፣ ቤንዚን አርከፍክፌ አነደድኳቸው። እጄን ካሞቅኩ በኋላ ከዳር ሌላ አምጥቼ እተክላለሁ ብዬ ነበር። በረዶ መጣል ጀመረ። ቤት ገብቼ በላሁ። ተኛሁ።

ከሰዓት በኋላ ባልዲ ዓሣውን ሊጭን የበረዶ መኪናውን ይዞ ወጣ። የሚታጠፍበትን የሚያውቀው በቅርንጫፎቹ ነበር።

ስንጥቁ ዋጠው፤ ቀሪውን አንቺም ታውቂዋለሽ። የቀብሩ ዕለት በአዳራሹ ውስጥ፣ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት፣ እማዬ ተነሥታ በአቶ ዋሲል ፊት ቆመች። "አልተከልክም! ሰክረህ ነው! ልጄን የገደልከው አንተ ነህ!" አለቻቸው። ሰውዬው "ተክያለሁ" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። አባባ በማግሥቱ አባረራቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ባለ ጀልባ አልቀጠራቸውም። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ተቀያየሩብኝ አልሽኝ። አንቺ? የጃም ጠርሙስ ሁሉ ላይ ቀን የምትጽፊ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ካርድ በቀለም የምትለዪ፣ ካልሲሽ እንኳ ተቀያይሮብሽ የማያውቅ ሴት? ተይ እንጂ ስቴይና። እውነቱን ጻፊልኝ።

ደግሞም ይህን ሁሉ ገጽ ጽፈሽ አንድ ነገር ዘለልሽ። እማዬ ምን አለች? "ምግቧን ትበላለች" የሚባለው ስለ ውሻ ነው።

ሲዲዎቹን ሰባብሪያቸው። ለአቶ ዋሲል ደግሞ አንዳች እንዳትነግሪ። በበጋ እረፍት ስመጣ እኔው እነግራቸዋለሁ። ይህን እለምንሻለሁ።

ኤይናር


ጊምሊ
ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2004

ውድ ኤይናር፣

አልተቀያየሩም።

የተቆረጠውን ሲዲ አዘጋጅቼ፣ እንደምታውቀኝ ቀኑን ጽፌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ሙሉው ቤት መቅረት ነበረበት፤ እሱንም ግን ይዤው ወጣሁ። ለምን እንደያዝኩት ለራሴም አልነገርኩም። መንገድ ላይ ፖስታ ቤት ጎራ አልኩ። አቶ ዋሲል እዚያ ተሰልፈው ነበር። ሲያዩኝ ወትሮ እንደሚያደርጉት ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ቦታቸውን ለቀቁልኝና ከኋላዬ ተሰለፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእኛን ቤት ሰው ሲያዩ መንገድ ይለቃሉ። ሁሌም ጥፋተኛ ስለሆኑ ነው እል ነበር። ያን ቀን ግን ከነገርከኝ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ቴምብሬን ስገዛ ከኋላዬ ሲያስሉ ይሰማኛል።

እማዬ ካለችበት ቤት ደጃፍ ስደርስ የተቆረጠውን መኪናው ውስጥ ትቼ በሌላው ገባሁ። ልነግራት አፍ አጣሁ፤ በአንተ አፍ ነገርኳት። ለአንተ ደግሞ ስህተት ነው ብዬ ዋሸሁህ። እንግዲህ እወቀው።

ምን አለች ላልከው ይኸው።

እንደ ወትሮዋ እየመለሰችልህ ነበር። ስለ አሸዋው ነፋስ ስትነግራት "ጆሮህን ሸፍን" አለች። ከዚያ ድምፅህ ተለወጠ። "አንድ ነገር ልነግርሽ እፈልጋለሁ፤ ግን እንዳትጠይኝ" አልክ። ባዶው መጣ። እሷም "ልጄ፣ እኔ አንተን ልጠላህ?" አለች። ነገርካት። እስከ መጨረሻው ነገርካት።

"ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። "አሁንም።" በሦስተኛው ላይ፣ ካለቀስክበት ቀጥሎ ያለው ረጅም ባዶ ሲመጣ፣ "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለችህ። ያ ቦታ እኔም ያንኑ የጠየቅኩህ ቦታ ነበር። ከማሽኑ ውስጥ "ፈራሁ" አልክ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ አንድም ሲዲ አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ ነገር እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ቅዳሜ "ካፖርቴን አልብሺኝ፤ ዋሲል ቤት እንሄዳለን" አለችኝ። "እማዬ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው" ብላት "የእኔ ነው ወይስ የአንቺ እግር የሚበርደው?" አለችኝ። ለአቶ ዋሲል እንዳትነግሪ ያልክበት ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። እኛ ግን የሄድነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ደረጃ አላቸው። ተሽከርካሪ ወንበሯን እንዴት አድርጌ ላውጣው ብዬ ስቆም፣ አቶ ዋሲል በሰባ አምስት ዓመታቸው ወጥተው በአንድ ወገን አነሡልኝ። ለምንድነው የመጣችሁት አላሉም። ወጥ ቤት አስገቡን፤ ማንቆርቆሪያውን ጣዱ።

"ዋሲል፣ ሩና ነኝ" አለች።

"አየሁሽ።"

"እኔ አላይህም። ቆመሃል ወይስ ተቀምጠሃል?"

"ቆሜያለሁ።"

"ተቀመጥልኝ። አንተ ቆመህ እኔ ተቀምጬ አልናገረውም።"

ተቀመጡ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስምህን ጠርታ፣ ሳትቆርጥ። "በሰው ፊት ሰካራም አልኩህ፤ ገዳይ አልኩህ። ዋሽቻለሁ። ማረኝ" አለች። እኔ የጠረጴዛውን ልብስ ጥለት እቆጥር ነበር።

ሻዩን ቀዱላት። ጽዋውን እጇ ላይ አስያዟት። "የማውቀውን ነው የነገርሽኝ" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሦስተኛው ቀን።"

እማዬ ጽዋው ዘነበለባት። አቶ ዋሲል በፎጣ እየጠረጉላት እንዲህ አሉ፦ "እኔ ምሬሻለሁ። ግን ሩና፣ የሰደብሽኝ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ አልነበረም።"

ከዚያ ወንበሯን ይዘው እስከ መኪናው ሸኙን። ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብሷን አስተካከሉላት። "ደግማችሁ አትምጡ፤ ደረጃው ያንሸራትታል" አሉ። ስለ ደረጃው ብቻ ይሁን ሌላም ይኑርበት አላወቅኩም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እንዴት አወቁ?

ሲዲዎቹን አልሰበርኳቸውም። የእማዬ ናቸው፤ እሷ ሳትለኝ አልነካቸውም።

ስቴይና


ካምፕ
ማርች 21 ቀን 2004

እህቴ፣

ስለዋሸሽኝ አልተቆጣሁም። ልቆጣ ሞክሬ ነበር፤ ለውሸት የምቆጣበት አፍ የለኝም። እኔም ኖቬምበር 29 ቀን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ። ሌላውን ግማሽ ይኸው።

ባልዲ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ከውኃው ሳይወጣ፣ ዓሣ መመዘኛው ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አቶ ዋሲል ገቡ። ጓንታቸውን አውልቀው ከውስጡ አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ጫፉ የከሰለ የጥድ ቅርንጫፍ ነው። የእኔን ጉድጓድ አግኝተውታል፤ በረዶውን ጠርገው አመዱን አይተዋል።

"በጣም በርዶህ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

ትከሻዬን ያዙኝ። "ለአባትህ ንገረው። እኔ ብነግረው ይገድልሃል፤ አንተ ብትነግረው ያለቅሳል። እጠብቅሃለሁ" አሉኝ።

ጠበቁኝ። እማዬ አዳራሹ ውስጥ ስትጮህባቸው እሳቸው እሷን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። በቁጣ እንዳይመስልሽ። ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ እንደሚያየው፣ አሁን ይመጣል ብለው። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

አንቺ የዚያን ቅዳሜ "ልጅ ነበርክ" አልሽኝ። እሺ፣ በአሥራ ስድስት ልጅ ነበርኩ። በሃያስ? በአርባስ? በየበጋው ስመጣ መንገድ ላይ አገኛቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ምን ነካህ?" አላሉኝም። ለዚህ ነው ከሐይቁ የራቀ፣ ውኃ የሌለበት አገር ሥራ የፈለግኩት። ሰዎች ለገንዘብ ሄደ ይላሉ፤ ይበሉ።

መምጣቱ ግን አሁን አይሆንልኝም። በዚህ ወር አዲስ የነዳጅ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው፤ አለቃዬ ፈቃድ የሚሰጠኝ አይመስለኝም። ከዚህ ጋር ለአቶ ዋሲል የጻፍኩት የታሸገ ደብዳቤ አለ። ዘጠኝ ገጽ ነው። እባክሽ በእጃቸው ስጪልኝ። ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

እማዬን ሳሚልኝ። ወይም ተይው፤ ዝም ብለሽ እጇን ያዢልኝ።

ኤይናር


ዊኒፔግ
ኤፕሪል 11 ቀን 2004

ኤይናር፣

ይህን የምጽፍልህ ከሆስፒታል ነው። በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው። እማዬን ሐሙስ ዕለት በአምቡላንስ ወደዚህ አመጣናት፤ ሳንባዋ ነው። ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ አልጽፍልህም። እድሜዋን ታውቃለህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ገና ሳይደወልልኝ ነው። ወዲያው ለአቶ ዋሲል ወሰድኩላቸው። ፖስታውን አገላብጠው አዩት፤ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት። ሳይከፍቱ መለሱልኝ።

"ምን አሉ ልበለው?" አልኳቸው።

"እጁ ይሠራል ማለት ነው" አሉ። "እግሩስ?"

ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ እንደታሸገ ነው።

እማዬም መልእክት አላት። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሦስት ጊዜ አቋርጣ ነው የነገረችኝ፤ በቃሏ ልጻፈው። "ዋሲል ያለው ልክ ነው። እኔ የሰደብኩት በአዳራሽ ነው፤ ማረኝ ያልኩት በወጥ ቤት ነው። እግር ቢኖረኝ አዳራሹ ድረስ እሄድ ነበር። ኤይናር እግር አለው።"

ሲዲ ማጫወቻዋን ልክፈትልሽ ወይ ብላት እንቢ አለች። "ያ ድምፁ ነው። እሱ የታለ?" አለችኝ።

እኔ እንኳ ና ብዬ ለመጻፍ ምን መብት አለኝ? ይህን ሁሉ ያነሣሣሁት እኔ ነኝ። ያለፈቃድህ ቀዳሁህ፤ ያለፈቃድህ አሰማሁህ፤ ዋሸሁህ። ዝም ብል ኖሮ ይህኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሳቅን እናወራ ነበር። አንዳንዴ ያን እመኛለሁ። ከዚያ ፖስታ ቤቱ ትዝ ይለኛል።

አለቃህን ለምነው።

ስቴይና


ጊምሊ
ኤፕሪል 30 ቀን 2004

ውድ ስቴይና፣

አንቺ ዊኒፔግ እማዬ አጠገብ፣ እኔ አንቺ ወጥ ቤት ነኝ። ስልኩ ፊት ለፊቴ ነው፤ ላነሣው ስል እጄ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። ለእማዬ ስታነቢላት እንዲመችሽ በትልልቁ እየጻፍኩ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰሞኑ ላመስግንሽ። ከአውሮፕላን ስወርድ ትሰድቢኛለሽ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አንቺ ሳንድዊች ይዘሽ ጠበቅሽኝ። እማዬም ፊቴን በመዳፏ ስትዳስሰኝ ቆይታ ምን እንዳለችኝ አንቺም ሰምተሻል። "አርጅተሃል። ጥሩ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው" አለችኝ። ከዚያ "ሂድ" አለች። ስድስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ በየቀኑ "ሂድ" ነው የምትለኝ።

ትናንት በዚያው አዳራሽ የዓሣ አጥማጆቹ ስብሰባ ነበር። ስለ ፀደዩ መረብ፣ በረዶው መቼ ይሄዳል ስለሚለው። አርባ የሚሆን ሰው አለ። ግማሾቹን አላውቃቸውም፤ የድሮዎቹ ልጆች ናቸው። ሊቀመንበሩ ላውሩስ "ሌላ ጉዳይ ያለው አለ?" ሲል እጄን አወጣሁ። "ኤይናር! ነዳጁ አለቀ እንዴ?" አለኝ፤ ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄ ተነሣሁ። ቆሜ ስናገር ሳቁ ገና ፊቴ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደማወርደው አላወቅኩም።

ነገርኳቸው። ሰባቱን ቅርንጫፍ፣ ቤንዚኑን፣ መዳፌ ላይ የተቀመጠውን። ለምን ያህል ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። ስጨርስ ከኋላ አንድ ሽማግሌ "እኔ ሠላሳ ዓመት ከዋሲል ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጥኩም" አለ። ለእኔ አልነበረም፤ ለራሱ ነው የተናገረው። ሌላው ግን ተነሥቶ "እና አሁን ምን አድርጉ ነው የምትለን?" ብሎ ጮኸብኝ። "ምንም" አልኩት። "ምንም? አባቴ ሥራ ሊጠይቀው የመጣን ሰው ደጃፍ ላይ አቁሞ መልሶታል! አባቴ ይህን ሳያውቅ ሞተ!" አለኝ። ላውሩስ ስብሰባውን ሳይዘጋ ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወጣ። እጄን የጨበጠኝ የለም። እንዲጨብጡኝም አልመጣሁም።

አቶ ዋሲል አልነበሩም። ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን ከፍተው ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝ። "ስድስት ሰው ደወለልኝ" አሉ። "አንዷ ያን ድርብርብ ኬካችሁን፣ ቪናርቴርታውን ይዛ መጣች። ተቀበልኳት፤ ምን ላድርግ? ልብላው እንዴ?" ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልተቆረጠም።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"ቆይ" አሉኝ። ካፖርታቸውን ለበሱ። "መኪና ይዘሃል?"

መንገዱን በእጃቸው እየጠቆሙ ወሰዱኝ። በግራ፣ አሁን ቀጥ፣ እዚህ ቀስ በል። የደረስነው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የዩክሬኖቹ መቃብር ነው። በረዶው ገና ጥላ ባለበት ሁሉ አለ። በጭቃው ውስጥ ከፊት ከፊት ሄዱና አንድ ጥቁር ድንጋይ ዘንድ ቆሙ። ኦልጋ ይላል። ያረፈችው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ስቴይና፣ እኔ ሚስት እንዳላቸው እንኳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስቤ አላውቅም።

"ተክያለሁ አልኳት" አሉኝ። "የቀብሩ ቀን ማታ፣ አንድ ጊዜ። እሺ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ደግማ አልጠየቀችኝም። ያልጠየቀችው ስላመነችኝ ነው ብዬ ነበር። መጨረሻዋ ላይ፣ ትኩሳቱ ሲያናግራት፣ 'ዋሲል፣ እግዚአብሔር ስለዚያ ልጅ ይቅር ይልሃል' አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ ልነግራት እችል ነበር። ለአንተ ቃል ገብቻለሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ቦታ ለቀቁልኝ።

"ለሁሉም ተናግረሃል። መስማት የነበረባት ግን እሷ ናት። ንገራት።"

ኮፍያዬን አወለቅኩ። ለድንጋይ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ሞክሮ ያላየ አያውቀውም፤ አዳራሹ ከዚህ ይቀል ነበር። "ወይዘሮ ኦልጋ" አልኩ። "ባለቤትዎ ተክለው ነበር። የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

"አልሰማችም" አሉኝ ከኋላዬ። "ጆሮዋ ከባድ ነበር።"

ጮክ አልኩ። መንገዱ ላይ የሚያልፍ መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ። እንደገና ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስሜን ከነአባቴ ጠርቼ ነገርኳት።

አቶ ዋሲል ወደ ፊት መጡ። እኔን አላዩኝም። አንድ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው በራሳቸው ቋንቋ ያወሯት ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ ረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴ እንደ መቆጣት፣ አንዴም እንደ መሳቅ እያሉ። ኮፍያዬን ይዤ እስኪጨርሱ ቆምኩ። ከተናገሩት ሁሉ የገባኝ የራሴ ስም ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ምን እንዳሏት አልጠየቅኳቸውም።

ወንድምሽ ኤይናር